እንደ ጥይት ያለ

ሐይቅ፣ አርዲቦ ዳር
የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጸዳለ ወልዴ
አዲስ አበባ

እንዴት ከረምሽ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው ይህ ይበቃል፤ የቀረው ወረቀት ለመሥሪያ ቤትሽ ያስፈልገኛል።

የላክሽው የመጽሐፉ ናሙና በባድሩ አውቶቡስ ደርሶኛል። ባድሩ ማኅተሙን አይቶ ከትልቅ ቦታ የመጣ ነው ብሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ። እኔም ማኅተሙን አየሁት። ከለውጡ ወዲህ መሥሪያ ቤታችሁ ስሙን ሲቀይር ይህ ሦስተኛው ነው። ሰሌዳው አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ፣ የደብዳቤው ራስጌ አዲስ፤ ስንፍናው ግን አንቺ ሳትቀጠሪ የነበረው ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ለድምፅ ቃላት መዝገባችሁ ከእኔ የወሰዳችሁት አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ቃሉ አለ፣ ፍቺው አለ፣ የተሰማበት ቦታ አለ፣ ከግርጌው ደግሞ «የሰማው፦ ኑርዬ አብዱልሃሚድ» ይላል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ያልሰማሽውን አትጻፊ ብዬ ደብተርሽን በመስኮት የወረወርኩት ለዚህ ነበር። እናንተ ግን «ኮሽ»ን «አነስተኛ ድምፅ» ብላችሁ ፈታችሁት። ይህን የጻፈው ሰው በሕይወቱ ደረቅ ቅጠል ረግጦ አያውቅም? ኮሽ መደበቅ የፈለገ ነገር የሚያወጣው ድምፅ ነው። አይጥ ኮሽ ትላለች፤ በሬ ኮሽ አይልም። «ቸስ»ን «የመጥበስ ድምፅ» ብላችኋል። ቸስ ቀጥቃጩ የጋለ ማረሻ ውሃ ውስጥ ሲነክር የሚሰማው ነው። ኮሚቴያችሁ ሽንኩርት ከመጥበስ ሌላ እሳት አይቶ ስለማያውቅ አልፈርድበትም።

ይህንን ሁሉ አልፌዋለሁ። የማላልፈው ካርድ ቁጥር 207 ነው። እኔ የጻፍኩት «ጧ፦ ጅራፍ ሲጮህ የሚሰማ ድምፅ» የሚል ነበር። እናንተ ያተማችሁት «ጧ፦ እንደ ጥይት ያለ የጅራፍ ድምፅ» ይላል። እንደ ጥይት ያለ። እነዚህን ሦስት ቃላት ከየት አመጣችኋቸው?

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለእነሱ ግን አንብቢላቸው። በእኛ አገር ማሽላው እሸት ከያዘበት ቀን እስኪታጨድ ድረስ ግሪሳ የሚባል ወፍ ይመጣል። እንደ ደመና መጥቶ አንዱን ማሳ በግማሽ ቀን ገለባ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰው ማሳው መሀል የእንጨት ማማ ሠርቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ላይ ቆሞ ከቃጫ የተገመደ ጅራፍ ያጮኻል። ጅራፉ መጀመሪያ ዥው ይላል፤ ከዚያ ጧ ይላል። ከአርዲቦ ወዲህና ወዲያ ያሉት ጠባቂዎች በጅራፍ ሰላም ይባባላሉ፤ ዛሬ ማን መጣ፣ ማን ቀረ በጅራፉ ይታወቃል። ይህ ድምፅ የዓመት ቀለባችን ነው። ጥይት ሌላ ነው። ሁለቱን ያመሳሰለ ሰው ሁለቱንም በቴሌቪዥን የሰማ ነው።

ሦስቱን ቃላት አውጪ።

ስልክ ለምን አያነሱም ላልሽኝ፣ ስልክ ድምፅን እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ያደርገዋል፤ የሰውን ድምፅ በዚያ መስማት ውርደት ነው። ሰሚሃ ደህና ናት። ያኔ እናቷ ቤት ተከራይተሽ አብረሻት ስትተኚ እንደነበረው ነው ሳቋ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን ይዛዋለች፤ በአርዲቦ ዙሪያ ከወንዱም ከሴቱም እንደ እሷ ጅራፍ የሚያጮህ የለም። እኔ ለካርድ ስዞር ካርቶኑን ትይዝልኛለች።

መምህርሽ ኑርዬ


አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሽ ኑርዬ

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስልኝ። መልሴ ስለዘገየ አፉ ይበሉኝ፤ ንዴቴ እስኪበርድ ነው የቆየሁት። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፣ ሁለተኛ ሳነበው ተናደድሁ፣ በሦስተኛው ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ተቀመጥሁ።

«ኮሽ» እና «ቸስ» ላይ ልክ ነዎት። ልክ ነዎት። መስማት የሚወዱት ነገር ስለሆነ ሁለት ጊዜ ጻፍሁልዎ።

በባድሩ በኩል የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ በአነጋገሬ ይስቃሉ። ከአምባሰል ነኝ ስላቸው እስቲ ዝፈኚልን ይሉኛል። የመጡበትን አገር አንድ ወንዝ ስም መጥራት የማይችሉ ሰዎች የእኔን ምላስ ያርማሉ። እርስዎ ኮሚቴውን የናቁት ከሩቅ ነው፤ እኔ በየቀኑ አብሬው ሻይ እየጠጣሁ ነው የምንቀው። ስለዚህ ለእነሱ የምከራከር አይምሰልዎ።

ግን መጽሐፉ የሚታተመው ለአርዲቦ ሰው አይደለም። የአርዲቦ ሰው ጧን ለማወቅ መዝገብ አይገልጥም። መጽሐፉን የሚያነበው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ፣ ጅራፍ በሥዕል ያየ ልጅ ነው። ለእሱ ከሚያውቀው ነገር ጋር ካላመሳሰልንለት ምን ይሰማል? ጥይትን ደግሞ፣ ያሳዝናል፣ ሁሉም እያወቀው መጥቷል። በየወሩ ከሰሜን የሚመጣውን ወሬ እርስዎም ይሰማሉ።

ደግሞ ልንገርዎ፣ ከተቆጡ አይቀር በአንዴ ይቆጡ። እርስዎ መሰማት እንጂ መስማት አይወዱም። ልጅ ሆነን ጥያቄ ስንጠይቅዎ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር መልሱን የሚጀምሩት። የላክሁልዎን ስልክ ለሰሚሃ እንደሰጧት ነገረችኝ። ለምን ስላት ወሬውን ቀየረችብኝ። ሰሚሃ ከእኔ ምስጢር ትደብቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም። አሞዎት ከሆነ ይንገሩኝ።

የታዘዙት መነጽርና ባዶ ካርዶች ከዚህ ጋር አሉ።

ተማሪዎ ጸዳለ


ሐይቅ፣ አርዲቦ ዳር
ግንቦት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጸዳለ

ሰላም ላንቺ ይሁን። መነጽሩ ልክ ሆነልኝ፤ ስድብሽም ልክ ሆነልኝ። ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

አላመመኝም። ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ሰው የሚያመው ሁሉ ያመኛል፣ ሌላ የለም። ስልኩን ለሰሚሃ የሰጠኋት እሷ ወጣት ስለሆነች፣ ወፍጮ ቤት ደውላ ተራ ስለምትይዝበት ነው። ከዚህ ሌላ ምስጢር ፈልገሽ አትድከሚ።

አሁን ማስረጃ ልስጥሽ። ማስረጃ ስትፈልጉ ስብሰባ እንጂ ሙከራ ስለማትጠሩ እኔ ሞክሬላችኋለሁ። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ወንዱ፣ ታውቂዋለሽ፣ ልጁን ዳረ። የሰርግ ጥይት እንደሚተኮስ ስለማውቅ ሰሚሃን ከነጅራፏ ከቤቱ ጀርባ ካለው ማሳ አቆምኳት። እኔ ዳሱ በር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥሁ። ሰባት ጊዜ ድምፅ ተሰማ፤ አንዳንዱ ከጠብመንጃ፣ አንዳንዱ ከጅራፍ። ሰባቱንም አንድ ሳልስት ለየኋቸው። ሰርገኛው ሁሉ ተደነቀ። ወንዱማ ሙሽራውን ትቶ እኔን አቀፈኝ።

ልዩነቱ ምንድን ነው ካልሽ፣ ይኸው። ጅራፍ ከጧ በፊት ዥው አለው፤ ትንፋሽ ወስዶ ነው የሚናገረው። ጥይት ትንፋሽ የለውም። ጅራፍ ከጮኸ በኋላ ድምፁ እዚያው ይቀራል፤ ጥይት ሲጮህ ድምፁ ተራራውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ለመስማት ዲግሪ አያስፈልግም። ጆሮ ያለው ሰው፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ጅራፍን ተኩስ ነው ብሎ አይሳሳትም። ይህን አባባሌን ከፈለጋችሁ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አትሙት፣ ከሥሩ ስሜን ጻፉበት።

እናም የመጨረሻዬን ልንገርሽ። ሦስቱ ቃላት ካልወጡ ካርዶቼን መልሱልኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም። ሠላሳ ዓመት ከግሸን ሥር እስከ አርዲቦ በእግሬ ዞሬ የለቀምኩት አንድ ኮሚቴ ጥይት እንዲያደርገው አይደለም። መጽሐፉ ያለእኔ ካርዶች ምን ያህል እንደሚቀጥን አንቺም ታውቂያለሽ።

ባድሩ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው እያለ ጡሩንባውን ይነፋል፤ ሰሚሃ መጥታ ነገረችኝ። ሰላም ሁኚ።

ኑርዬ


አዲስ አበባ
ጳጉሜን 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጋሽ ኑርዬ

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሰዎ፤ «በሰላም» የሚለውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆሟል።

አሸንፈዋል። «እንደ ጥይት ያለ» ወጥቷል። ኮሚቴው ፊት ቆሜ የወንዱን ልጅ ሰርግ ተረክሁላቸው፣ ሰባቱን ድምፅ ቆጠርሁላቸው፣ ዥውንም በአፌ አሰማኋቸው። አንዱ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። ሌላው ሽማግሌው ካመኑበት ይሁን አለ። በቃለ ጉባኤ የተጻፈውን ቃል በቃል ልገልብጥልዎ፦ «ጅራፍና ጥይት በድምፅ የማይመሳሰሉ መሆናቸው በባለሙያ ስለተረጋገጠ ንጽጽሩ እንዲሰረዝ ተወስኗል።» ማኅተም ያለበት ቅጂ አያይዣለሁ፤ ከፈለጉ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

ይህን ያደረግሁት ስላመንሁበት ነው ወይ ብለው እንዳይጠይቁኝ። በምትኩ አንድ ነገር ልለምንዎ ስለፈለግሁ ነው።

ይውጡ። ወሬው እየቀረበ ነው። ባድሩን አነጋግሬዋለሁ፤ ለእርስዎም ለሰሚሃም ወንበር ይይዛል። የእኔ ቤት ጠባብ ነው፣ ግን ሦስት ሰው ያስተኛል። ካርድ መጻፍ የሚችሉበት ጠረጴዛ አለ። ሰሚሃን በስልክ ለመንኋት፤ ጋሼን ትቼ አልሄድም፣ ማሽላዬንም ትቼ አልሄድም አለችኝ። የትኛው ቀድሞ እንደሚያስቀራት አልገባኝም። እርስዎ ከተነሡ ግን ትነሣለች።

ለዚህ ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ በወረቀት እንዲመልሱልኝ አልፈልግም። በእግርዎ መጥተው ይመልሱልኝ።

ጸዳለ


ሐይቅ፣ አርዲቦ ዳር
ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጸዳለ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ባድሩ ዛሬ ሄዶ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም።

ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ከውጫሌ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ፍራሹን ተሸክሞ፣ በጉን እየጎተተ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ። የአገርሽን ሰዎች አያለሁ። አንዱን ምን ሰምተህ ነው የምትሮጠው ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ሲሮጥ አይቼ ነው አለኝ። ድምፅ ሳይሰማ የሚሮጥ ሰው እንዴት ይታዘንለታል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከወሬ ኋላ አልሮጥም። የመጣው ቢመጣ ሽማግሌ ነኝ፣ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ነው ያለኝ።

ማሽላው ዘንድሮ ማሻአላህ ነው። የሰሚሃ ማሳ ከሁሉም ይበልጣል። ግሪሳው ግን ቀድሞ መጣ፣ ጠባቂው ደግሞ ሸሽቷል። ከአርዲቦ ማዶ ያሉት ማማዎች ባዶ ናቸው። የወፉ መንጋ ሁሉ ወደዚህ ነው የሚዞረው።

ትናንት ሰሚሃ መጥታ ዘንድሮ ጅራፉን ልተወው ነው አለችኝ። ቆርቆሮ ልደበድብ ነው አለች። ሰዎቹ ከመጡ ጅራፉን ተኩስ ነው እንዳይሉ ፈራሁ ነው የምትለው። እኔ ሳቅሁባት። ቆርቆሮ ድብደባ ማሳ ያልነበረው ሰው ሥራ ነው፤ የአባትሽን የጅራፍ እጅ ወርሰሽ እንደ ከተሜ ጣሳ ልትደበድቢ ነው ወይ አልኳት። ወፉም ቆርቆሮን በሁለት ቀን ለምዶ ከላዩ ይቀመጥበታል። የአንቺን ደብዳቤ አውጥቼ ከነማኅተሙ አነበብሁላት፦ ጅራፍና ጥይት የማይመሳሰሉ መሆናቸው በባለሙያ ተረጋግጧል። የአዲስ አበባ ምሁራን እንኳን የተረዱትን ወታደር ይሳሳተዋል ወይ፣ የወታደር ጆሮ በተኩስ የተሳለ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አፍራ ሳቀች። ዛሬ ጠዋት ጅራፏን ውሃ ስትነክር አይቻታለሁ።

ስለዚህ አትስጊ። እኛ ቦታችን ላይ ነን። ወፍ ጠባቂ ሴትና አሮጌ አስተማሪ ማንን ያስቀይማሉ?

ባድሩ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ዱዓ አድርጊልን፤ በራስሽም ሃይማኖት ቢሆን ይደርሳል።

ኑርዬ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ኑርዬ

በሕይወት እንዳሉ ከባድሩ ሰማሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

መንገድ እንደተከፈተ ነው ባድሩ የሄደው። ደሴ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰሚሃን አይቷታል። ቀኝ እጇ ከክርኗ በላይ የለም። ሊያናግራት ቢሞክር ደህና ነኝ፣ ለጸዳለ አትንገራት ብላዋለች። ምን ሆና ነው ስለው አያውቅም። ሰው ሁሉ ጋሽ ኑርዬን ጠይቅ ይለዋል።

እኔም እርስዎን እጠይቃለሁ። የሚቆጡበት ደብዳቤ አልጽፍልዎትም፣ የሚስቁበትም አልጽፍልዎትም። የሆነውን ብቻ ይንገሩኝ።

መጽሐፉ በጥር መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። ስለእሱ ለማሰብ አልቻልሁም።

ጸዳለ


ሐይቅ፣ አርዲቦ ዳር
ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጸዳለ ወልዴ

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። በመጀመሪያው ስለ ብርዱ ጻፍሁ። በሁለተኛው ስለተዘረፈው ትምህርት ቤት ጻፍሁ፤ ወንበሩን አንድደውታል፣ ሰሌዳው ግን አለ። በሦስተኛው ሰዎቹን ሰደብኳቸው፣ ስድቡም ጥሩ ነበር፣ ሳነበው ራሴን ስላስደሰተኝ ቀደድሁት። አሁን የጠየቅሽውን እመልሳለሁ።

ሰዎቹ ከመጡ በስድስተኛው ቀን ነው። ሰሚሃ እንደ ሁልጊዜው ማማው ላይ ወጣች። በመንገዱ የሚያልፉት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ማሽላ በማይበቅልበት ያደጉ ይሁኑ፣ በየጉድባው እንቅልፍ ያጡ ይሁኑ አላውቅም። ጅራፏ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ በጥይት መለሱላት። በኋላ አንዱ መጥቶ ሴት መሆኗን ሲያይ ጠብመንጃው የት አለ ብሎ ማሳውን አስፈተሸ። ጅራፉን ሲያሳዩት ለብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው አሉ። ከዚያ ሄደ። ያለ ሐኪም ሃያ ቀን ቤቷ ተኛች። መንገዱ ሲከፈት ደሴ ወሰዷት፤ እጁ ያኔ የሚድን አልነበረም።

እኔ የት ነበርሁ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ደጄ ላይ ተቀምጬ ካርድ እጽፍ ነበር። ከማማው እስከ ደጄ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ተኩሱን አልሰማሁም።

ይኸውልሽ የፈለግሽው ምስጢር። ቀኝ ጆሮዬ ከጠፋ አምስት ዓመት ሆነው፤ ግራው ሰው ተጠግቶ ሲጮህበት ብቻ ነው። ስልኩን የሰጠኋት ለዚህ ነው። ሰሚሃ ምስጢሬን የያዘችው ማይልኝ ስላልኳት ነው፤ በቁርዓን አስምያታለሁ። ካርቶኑን ትይዝልኛለች ያልኩሽ ውሸት ነው። እሷ ነበረች የምትሰማው። ወፍጮ ቤት ትቆማለች፣ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች፣ ማታ መጥታ በግራ ጆሮዬ ቃሉን ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ ከግርጌው «የሰማው፦ ኑርዬ» እያልኩ እጽፋለሁ። አይጥ ኮሽ ትላለች፣ በሬ ግን አይልም ያለችኝም እሷ ናት። በዚያው በእሷ ቃል ነው ኮሚቴሽን የሰደብኩት።

የወንዱ ልጅ ሰርግም ውሸት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አልኩሽ እንጂ በሽፋሽፍቴ ሥር አይ ነበር። ጠብመንጃ ያነሡት ልጆች ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ እነሱ ሲተኩሱ ጥይት፣ እነሱ ሳይተኩሱ ሰው ዘወር ሲል ጅራፍ አልሁ። ያንን ማጭበርበሬን አንቺ ለኮሚቴ አቀረብሽ፣ ኮሚቴው በማኅተም መለሰልኝ፣ እኔ ማኅተሙን ለሰሚሃ አነበብሁላት። ትንፋሽ አለው የለውም እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ አባቷ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነገረኝ ነው። ያኔ እውነት ነበር ይሆናል። በሰላም ቀን፣ ሻይ እየጠጣ ለሚሰማ ሰው።

እሷ ትክክለኛውን አውቃ ነበር። ጆሮ የነበራት እሷ ነበረች። ቆርቆሮ እደበድባለሁ አለችኝ፤ እኔ ደንቆሮው ሳቅሁባት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ስንቅ ኖሬ የናቅሁት ሰው ሁሉ ንቀቱን ችሎልኝ ነው የሄደው፤ አንቺም ደብተርሽን ከመስኮት ሥር አንሥተሽ ተመልሰሽ ተቀመጥሽ። ሰሚሃ ግን አመነችኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ እሸከመው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አጨዳው ድረስ ማማው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። የዘይት ቆርቆሮ በዱላ ደበደብኩ። ድምፁ ለእኔ አይሰማኝም፤ በክንዴ ነው የማውቀው። በበቂ መምታቴን ለማወቅ ወፉን አያለሁ፤ ሲነሣ መታሁ ማለት ነው፣ ካልተነሣ እደግማለሁ። ወፉ በሁለት ቀን ይለምደዋል ብያት ነበር፤ ሃያ ሁለት ቀን ደብድቤ አልለመደውም። ይህንንም ተሳስቼ ነበር። ከማሽላው ሲሶው ተረፈ። ወንዱ አጭዶ ቤቷ አስገባላት።

ባለፈው ማክሰኞ ከደሴ መጣች። ባድሩ ከፊት ወንበር አስቀምጦ አመጣት። ቤቷ ድረስ ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ፤ መግባት አቃተኝ። እሷ ወጣች። ነጠላዋን በቀረው እጇ ይዛዋለች። እንደ ልማዷ በግራዬ ዞራ፣ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣ ሳትቆጣ፣ ቃል እንደምትነግረኝ አድርጋ ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ቆርቆሮው ይሻለን ነበር።»

አፉ ብላኝ እንደሆን እንዳትጠይቂኝ። አፉ በይኝ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው። እስካሁን ከእሷ የወሰድኩት ይበቃል።

አሁን ለመጽሐፉ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ያሉት ካርዶች ቁጥራቸው ከ168 ጀምሮ ነው። ከሁሉም ግርጌ ስሜን ሰርዢና «የሰማችው፦ ሰሚሃ» በዪ። ይህን ነግሬያት እሺ ብላኛለች፤ ግን ከ207 በስተቀር አለች። እሱ በአንተ ስም ይቅር አለችኝ። ልክ ናት፣ እሱ የእኔ ነው።

በ207 ላይ ያወጣሻቸውን ሦስት ቃላት መልሺያቸው።

ኑርዬ አብዱልሃሚድ